አመድ ውስጥ የቆየው ፒን

የአባባ ቶርኖ ዞረ! አልተሸጠም፤ አባባም ወደ አዳማ አይሄዱም። ይህን ከቅዳሜ ጀምሮ ለስንት ሰው እንደተናገርኩ እኔም አላውቅም። ለእናቴ፣ ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ሳምቡሳ ለምትሸጠው ሴትዮ ሳይቀር ነገርኩ። ሴትዮዋ «ቶርኖ ደግሞ ምንድነው?» አለችኝ። ብረት የሚላጭ ማሽን ነው አልኳት፤ ብረቱ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ይጠጋዋል፣ ብረቱ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወርዳል። «ታዲያ ይሄ ምኑ ያስፈነድቃል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ከመጀመሪያው ካልተነገረ ምኑም አያስፈነድቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ «ትዝታ ለመጻፍ ገና ነሽ» የሚለኝ ሞልቷል። ግን እኔ የማስታውሰው ዘመን አልፏል። ያለፈ ዘመን ያለው ሰው ደግሞ ዕድሜው ስንትም ይሁን ትዝታ አለው።

የኔ ዘመን የሚመጣልኝ በአፍንጫዬ ነው፤ በጋለ ብረትና በቡና ገለባ አመድ ሽታ። የአባባ ከድር ቶርኖ ቤት ጭሮ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ የገለምሶ ሚኒባሶች ከሚጠሩበት ጥግ አጠገብ ነው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። እናቴ ነርስ ስለሆነች ተረኛ በምትሆንበት ቀን ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደዚያ ነበር የምሄደው። አባባ ገና ጎረምሳ ሳሉ ከስልጤ አገር ከወንድሞቻቸው ጋር መጥተው፣ ወንድሞቻቸው ሱቅ ሲከፍቱ እሳቸው ብረት ያዙ። ከተማውን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ነው የሚሉት፤ እኔ ጭሮ እላለሁ፤ የምንጣላበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በግሪስ የጠቆረ አፈር። መሃል ላይ አረንጓዴ ቀለሙ እየተላጠ ያለ ቶርኖ፣ በግራ የብየዳው ማሽን፣ በቀኝ ከላሜራ የተሠራ የአመድ ሳጥን። በሩ ላይ ደግሞ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና የተነቀለ ረጅም ወንበር። ይህን ወንበር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ያኔ ወደ መቻራና ወደ ሌሎቹ የቡና አገሮች የሚገቡት መንገዶች እየተጠረጉ ነበር። አገሩ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ብረት ይበላል። ከሁሉ ቀድሞ የሚበላው ፒን ነው። ፒን ማለት የሎደርን አካፋ ከክንዱ ጋር የሚያያይዝ፣ የሰው ክንድ የሚያክል ድፍን ብረት ነው። አካፋው በወጣና በወረደ ቁጥር ቀዳዳው ውስጥ ይፈተጋል፣ እየተፈተገ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን አካፋው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል። አባባ የቀጠነውን ቦታ በብየዳ ይሞሉታል፤ መስመር በመስመር፣ ጥልፍ እንደሚጠልፍ ሰው ተጠንቅቀው። ከዚያ ቶርኖው ላይ አስረው ወደ ልኩ ይላጩታል። ግን በመሙላቱና በመላጨቱ መሃል አመዱ አለ። ከብየዳ የወጣ ብረት ድንገት ብርድ ከነካው ውስጡ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንደጋለ አመድ ውስጥ ይቀበራል፤ ሳይደነግጥ፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ። አመዱ ከመቻራ የቡና መፈልፈያ በጆንያ የሚመጣ ገለባ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። ግራጫ፣ ልስልስ፣ እጅ ሲገባበት ውሃ የሚመስል። አባባ ደግሞ ሕግ አላቸው፤ «ያመጣው ያውጣው።» ፒኑን ያመጣው ሰው ራሱ እጁን አመድ ውስጥ ከትቶ፣ አውጥቶ፣ በእጃቸው ያስረክባቸዋል። ሌላ ሰው አይነካውም፤ እሳቸውም ጭምር። ለምን ሲባሉ፣ «ቀዝቅዟል ብዬ ብነግረው አያምነኝም፤ በገዛ እጁ ይመን» ይላሉ። እኔ ግን ሌላ ምክንያት ያላቸው ይመስለኛል። ሕጉ ሰውየውን ያስቀምጠዋል።

እናም ይቀመጡ ነበር! ያ የጋቢና ወንበር ባዶውን የዋለበትን ቀን በልጅነቴ አላስታውስም። ሰማያዊ ቱታቸውን እስከ ወገብ አውርደው እጅጌውን እንደ ቀበቶ የሚያስሩ፣ ሽርጥ አገልድመው በኮንጎ ጫማ የሚመጡ፣ ፎጣቸውን ከፀሐይ ጭንቅላታቸው ላይ የሚጠመጥሙ ሾፌሮችና ኦፕሬተሮች። ሳምቡሳው በሁለት ብር ነበር፤ በዚያ ላይ እንዳሁኑ ሁለት ጉርሻ አልነበረም፤ ሥጋ ነበረው። ሆጃው፣ በወተት የተፈላው የቡና ገለባ፣ በትልቅ ቴርሞስ ይመጣል፤ አባባ ብርጭቆዎቹን ደርድረው ይቀዳሉ። ራዲዮኑ አንዴ ኦሮምኛ፣ አንዴ ሱማሌኛ፣ አንዴ አማርኛ ይዘፍናል፤ ማንም ጣቢያ አይቀይረውም፤ ራሱ እየተንሸራተተ ነው የሚቀየረው። ቀልዳቸው ደግሞ!

«ትናንት አንተ በጠረግከው መንገድ አለፍኩ» ይላል አንዱ።

«እንዴት ነው?»

«ማሻአላህ ነው። በቆሎ ብንዘራበት ጥሩ ይይዛል።»

መብራት ሲጠፋም አይነሡም። መብራቱ እስኪመጣ፣ አመዱ እስኪበርድ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ይቀመጣሉ። እኔ እግራቸው ሥር የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ማባዛት የተማርኩት ከኦፕሬተሮች ነው፤ ግማሹ ስህተት ነበር።

ከሁሉም ሙሜን እወደው ነበር። የሂርና ልጅ ነው፤ ሎደር ይነዳል። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን የተማረው መንገድ ላይ ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ነገር አልገባበትም። ለአባባም «አንተ»፣ ለመንገዱ ኢንጂነርም «አንተ»፣ ለኔም «አንተ ሀያት» ነው። እኛም እሱን በዚያው መልክ ለመድነው፤ ስለዚህ «እሳቸው» ብዬ ብጽፍለት ራሱ አያውቀውም። በር ላይ ቆሞ የተበላውን ፒን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ፣ «አንተ አባ ከድር፣ ይሄ ብረት አሞታል፤ አድነው» ይላል። አባባ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ነው የሚንቀጠቀጠው። ወንድሞቻቸውና ሴት አያቴ ከሞቱ በኋላ አባባን «አንተ» የሚላቸው ሰው በዚህ ከተማ ሙሜ ብቻ ነበር። ልጆቻቸው፣ ጎረቤቱ፣ መስጊድ የሚያገኟቸው ሁሉ «እርስዎ» ይሏቸዋል። ክብር ነው። ግን ክብርም ብቻውን ይበርዳል ልበል? ይህን ያኔ አላወቅኩም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሜ ፒን ይዞ መጣ። ተሞላ፣ አመድ ውስጥ ገባ። ያን ቀን አልተቀመጠም፤ ማሽኑን የሚጠብቅለት ሰው አልነበረም። «ነገ በጠዋት መጥቼ አወጣዋለሁ። ቶሌ?» አለ። «ቶሌ» አሉ አባባ፤ እሺ ማለታቸው ነው። በነጋታው አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። መንገድ የሚዘጋበት፣ ትልልቅ ሰዎች ልጅ ሲገባ ወሬያቸውን የሚያቋርጡበት ጊዜ ነበር፤ የመንገዱ ሥራ ቆመ፣ ማሽኖቹም ተጭነው ሄዱ ተባለ። ሲደወልለት ስልኩ ዝግ ነው። አባባ ግን ፒኑን አላወጡትም። ሳጥኑን የላሜራ ክዳን ሠሩለትና፣ ለሌላው ሥራ ሌላ አመድ በበርሜል አዘጋጁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ሳስታውስ የሚመጣልኝ ድምፅ የለም፤ ዝምታ ነው። ፊት ለፊታችን የመለዋወጫ ሱቅ ተከፈተ። አሁን ሰው ያለቀውን ይጥላል፣ አዲሱን በስልክ ያዛል፣ ማታ ከአዲስ አበባ የተነሣው ዕቃ ጠዋት ጭሮ ይደርሳል። አልፈርድባቸውም። ማሽን ቆሞ ሲውል የሚከስር ሰው አለ። ግን ከአባባ ቤት መጀመሪያ የጠፋው ሥራው አልነበረም፤ መጠበቁ ነበር። ፒን የሚያመጡት ጥቂቶች እንኳ «ስትጨርሱ ደውሉልኝ» ብለው ሞተሩን ሳያጠፉ ይሄዱ ጀመር። ቀጥሎ እነሱም ቀሩ። ራዲዮኑ ተበላሸ፤ አባባ ለማሠራት አልቸኮሉም። የጎረቤት ዶሮ ወንበሩ ላይ መተኛት ጀመረች፤ አያባርሯትም። ራሳቸው ወንበሩ ላይ አይቀመጡም፤ «የእንግዳ ነው» ይላሉ፤ እሳቸው ትንሽ ዱካ ላይ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቶርኖውን ዘይት ይቀቡታል፤ ግን አያዞሩትም። «ሥራ ሳይኖር ማዞር ማሽን ማሞኘት ነው።» ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሁሉ ያጥባሉ። ሁሉንም። የሚጠጡት በአንዱ ነው፤ የቀሩት ንጹሕ እንደሆኑ ውለው፣ አቧራ ጠጥተው፣ በነጋታው እንደገና ይታጠባሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀምጬ አጠናለሁ። አንዳንዴ የመኪና ድምፅ ወደኛ በኩል ሲቀንስ ቀና ይላሉ፤ መኪናው ያልፋል፤ ይመለሳሉ። እኔም አብሬ ቀና ማለት ለምጄ ነበር።

አጎቴ ነስሩ አዳማ ነው የሚኖረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱ ብቻቸውን መዋላቸው ያንገበግበዋል። «አባባ፣ ዓይንዎን ብየዳው ጨረሰው፤ ለቶርኖው ጥሩ ገዢ አግኝቻለሁ፤ እዚህ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ይሁኑ» ይላቸዋል በስልክ። እኔም የልጅ ልጅ ነኝ ብዬ በሆዴ እናደዳለሁ። እናቴ ሥራዋ እዚህ ነው፤ እሳቸው ከሄዱ እኔ የምቀረው ከተቆለፈ ቆርቆሮ በር ጋር ነው። አባባ ብዙ ጊዜ ወሬ ቀየሩበት። በመጨረሻ፣ «እሺ ነስሩ። ሙሜ መጥቶ ፒኑን ያውጣ፤ ከዚያ ቶርኖውን ሽጠው፤ እሄዳለሁ» አሉ።

«አባባ! ሰውየው ይኑር አይኑር የማይታወቅ!»

«የሰው ዕቃ ይዤ አገር አልለቅም።»

አጎቴ ትንሽ ታገሠና ገደብ አበጀ፤ ለአረፋ በዓል መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ሙሜ መጣም አልመጣም።

በዚህ መሃል ነው የአማርኛ አስተማሪያችን ትዝታ ጻፉ ያሉን። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ናቸው፤ ሲናደዱ እንኳ በግጥም የሚናደዱ ይመስላሉ። «ቲቸር፣ እኛ ምን ትዝታ አለን?» አልናቸው። «ካሁን ቀደም ኖሮ አሁን የሌለ ነገር ጻፉ» አሉ። እኔ ከዚያ በፊት ለፈተና እንጂ ለምንም ጽፌ አላውቅም ነበር። ስለ ወንበሩና አመድ ውስጥ ስላለው ፒን ጀመርኩ፤ እጄ ቀደመኝ። አስተማሪያችን አነበቡትና በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ በድምፅ ማጉያው ራሴ እንዳነበው አደረጉኝ። አነበብኩ። ግቢው ውስጥ ኳስ የሚጫወቱት እንኳ ቆመው ነበር (ኳሱ አጥር ዘሎባቸው ነው ያሉኝ አሉ፤ አላመንኳቸውም)።

ስወርድ ፋይዛ እጄን ያዘችኝ። ከሂርና መጥታ እዚህ ቤት ተከራይታ የምትማር የክፍሌ ልጅ ናት። «ሀያት፣ ያ ሙሜ ሎደር ነው የሚነዳው? ለሁሉ ሰው ‹አንተ› ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«የአባቴ ወንድም ነው! ተመልሷል እኮ፤ ሂርና የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው የሚሠራው።»

መጀመሪያ ጮህኩ። ቀጥሎ ግን ነገሩ ገባኝ። ሙሜ ከመጣ ፒኑ ይወጣል፤ ፒኑ ከወጣ አባባ ይሄዳሉ። ያውም አረፋ ሳይደርስ። ይህን ለፋይዛ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ ከንፈሯን ነክሳ ሰማችኝና፣ «ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ» አለች።

ለአባባ የነገርኳቸው የዚያኑ ዕለት ነው። ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። «ሙሜ አለ፤ ሂርና ነው፤ ቅዳሜ ይመጣል» አልኳቸው። ውሃው እጃቸው ላይ ሲፈስ ቆየ። ከዚያ ጨርቅ ይዘው ወጡና ዶሮዋን ቀስ አድርገው አንሥተው ወንበሩን ወለወሉት። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ወለወሉት።

ቅዳሜ ሙሜ መጣ። ጢሙ ሸብቶ በሂና ቀልቷል፤ ትከሻው ላይ ጆንያ ተሸክሟል፤ ፋይዛ ከኋላው ናት። በሩ ላይ ቆመ፤ መግባት ያፈረ ሰው ይመስላል።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም።» አባባ ከዱካቸው ቀና ብለው አዩት። «ነገ በጠዋት ነበር ያልከኝ።»

«አዎ።»

«አልቀዘቀዘም ብለህ ነው?»

ሙሜ ሊስቅ ጀመረና አልቻለም። «አንተ አባ ከድር» አለ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሊስም ሲል አባባ ጭንቅላቱን ያዙት። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። እኔና ፋይዛ አይተነው የማናውቅ ይመስል የብየዳውን ማሽን ስናጠና ቆየን።

በኋላ ተናገረ። «ያን ቀን ማታውን ማሽኑን ጫኑት፤ እኔንም አብረው። ቦረና ወሰዱን። ስልኬ ጠፋ፤ ቁጥርህ ጠፋ። ስመለስ ደግሞ አፈርኩ። ወላሂ ፒኑን ለሌላ ሰጥተሃል ብዬ ነበር።»

«ያመጣው ያውጣው አላልኩህም?»

ሙሜ ክዳኑን አነሣ። እጁን እስከ ክርኑ አመዱ ውስጥ ከተተ፤ ፈለገ፤ አገኘው። አመዱ ደረቅ ስለነበር ዝገት አልነካውም፤ የብየዳው መስመር እንዳለ ነው። በሁለት እጁ አባባ እጅ ላይ አስቀመጠው። አባባ ተቀብለው ወደ ቶርኖው ሄዱ።

«ለምን ትላጨዋለህ? ሎደሩ እኮ የለም፤ ቁራሌ ሆኗል» አለ ሙሜ።

«ሎደሩ ነው የሌለው። ሥራው ግን አላለቀም።»

ቶርኖው ላይ አሰሩት። ማብሪያውን ተጫኑት። ቶርኖው መጀመሪያ አቃሰተ፣ ከዚያ ዞረ! ዶሮዋ ከሳጥኑ ጀርባ እየጮኸች ወጣች። ብረቱ እየተጠቀለለ፣ እያብረቀረቀ ወረደ፤ ያ ሽታ መጣ። እኔ ግን ደስ እያለኝም ቶሎ እንዳያልቅ እመኝ ነበር፤ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁና። አለቀ። ፒኑ ፊት የሚያሳይ ሆነ። አባባ በጨርቅ ጠረጉት፣ ለሙሜ ሰጡት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቶርኖውንም ዞር ብለው አዩት። ሊሰናበቱት ይመስላል።

ያኔ ሙሜ ጆንያውን ፈታ። ሌላ ፒን።

«ከካባው ሎደር ነው። አሞታል» አለ።

አባባ ግሪሱን ጠርገው በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። መስኮት ጋ ወስደው በደህናው ዓይናቸው አዩት። ከዚያ ሙሜን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ፋይዛን አዩዋት። ፋይዛ ጣሪያ ታያለች።

«ሙሜ።»

«አቤት።»

«ይሄ ገና ዓመት ይሠራል።»

«አይሠራም! አቦ፣ አንተ ማሽኑን አላየህም! ይንቀጠቀጣል!»

«ፋይዛ፣ ይንቀጠቀጣል?»

«በጣም ነው እንጂ አባባ!» አለች፤ ሎደሩን በሕይወቷ አይታው የማታውቅ ልጅ።

የአባባ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከስንት ጊዜ በኋላ! የብየዳውን መነጽር አጠለቁ። ስስ መስመር ሞሉት፤ ከዚያ በላይ የሚሞላም አልነበረውም። እንደጋለ አመዱ ውስጥ ቀበሩት፤ ክዳኑን ግን አልመለሱትም፤ ግድግዳው ላይ አቆሙት።

«ሥራ አለብኝ፤ በሚመጣው ቅዳሜ አወጣዋለሁ። ቶሌ?» አለ ሙሜ።

«ቶሌ። ዛሬ ግን ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ።

ማምሻውን አጎቴ ነስሩ ደወለ። «አባባ፣ ሰውየው መጣ አሉ! ፒኑ ወጣ?»

«ወጣ።»

«አልሀምዱሊላህ! እንግዲህ ለአረፋ...»

«ሌላ ገባ» አሉ አባባ።

አጎቴ ተናደደ ብዬ ስጠብቅ ሲስቅ ሰማሁት፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሙሉ አፉ። «እሺ አባባ» አለ፤ «ለአረፋ እኛ እንመጣለን፤ ወንበር ይያዙልን።»

ታዲያ እናንተም ኑ። ሂርና ያላችሁ፣ ገለምሶ ያላችሁ፣ በጭሮ አልፋችሁ የምትሄዱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከአስፋልቱ ወረድ በሉ። ያለቀ ብረት ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያላለቀም ቢሆን አይመለስም፤ «ይንቀጠቀጣል» ካላችኋቸው አባባ ያምናሉ። ምንም ባይኖራችሁም ኑ። ዶሮዋን ገፋ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ብርጭቆዎቹ ሁሉም ታጥበዋል።